አራስ በገባችበት ቤት ጥንቸሏና ዶሮዋ የት ይደሩ?

በአዲስ አበባ ከተማ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ጳውሎስ ሲባል በብዙዎች ዘንድ ቀድሞ የሚታሰበው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ከዚሁ ሆስፒታል በር ጨቅላ ሕፃን በጋቢ ጠቅልለው የሚወጡ እናቶችን፣ ፔርሙዝና ዘንቢል ይዘው የሚከተሉ ቤተ ዘመዶችን ማየት የዘወትር ነገር ነው። እናቲቱ ወደ ቤቷ ስትመለስ አልጋው ተነጥፎ፣ ገንፎው ተሰናድቶ፣ ጎረቤቱ እልል ብሎ ይቀበላታል። በዚያው ቤት ውስጥ ግን እንግዳ መምጣቱን ያልሰሙ ሌሎች ነዋሪዎችም አሉ። ከአልጋው ሥር በካርቶን የምታድር የታላቅ ልጇ ጥንቸል፣ በጓዳው ጥግ ቆጥ ላይ የሰፈሩ አራት አምስት ዶሮዎች፣ ደጃፉ ላይ የታሰረች በግ።

በከተማም ሆነ በገጠር እንስሳትን በጓሮ ማርባት እየተስፋፋ ነው። በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተት፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሥጋ፣ ማርና ዓሣ ከየቤተሰቡ ማዕድ እንዳይጠፋ የሚል ዓላማ ይዞ ተነስቷል። ዓላማው መልካም ነው። ይሁን እንጂ እንስሳቱ ከጨቅላ ሕፃን ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አልፎም በአንድ ክፍል ውስጥ ሲያድሩ ለልጁ ዕድገት የታሰበው ነገር ልጁን መልሶ ሊጎዳው ይችላል። በዛሬው ዝግጅታችን ከጥንቸሏ ተነስተን እስከ ዶሮዋ ድረስ አንድ ቤተሰብ ምን ማድረግ እንደሚገባው፣ የወረዳ አመራርና ባለሙያዎችም ምን እንደሚጠበቅባቸው እንመለከታለን።

ጥንቸል በእኛ ቤት

ጥንቸል በአገራችን እንደ ዶሮና በግ የተለመደች የቤት እንስሳ አይደለችም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት እንስሳት መካከል የተቆጠረች በመሆኗ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ሥጋዋ አይበላም። በመሆኑም በብዙ የከተማ ቤቶች ጥንቸል የምትገኘው ለሥጋ ሳይሆን ለልጆች መጫወቻነት ነው። ልጆች ሣር ይለቅሙላታል፣ የጎመን ቅጠል ከእናታቸው መክተፊያ ላይ አንስተው ይሰጧታል፣ ስም አውጥተው ይጠሯታል። ፋንድያዋም ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

ጥንቸል ገራም ብትሆንም ደንጋጭ ናት። በተፈጥሮዋ የአዳኝ ሲሳይ በመሆኗ ድንገተኛ ድምፅ ስትሰማ ትደነግጣለች፣ ባለችበት ትደርቃለች ወይም በኋላ እግሯ መሬቱን ትመታለች። ዓለምን የምትለየው ከዓይኗ ይልቅ በአፍንጫዋና በጆሮዋ ነው። የጨቅላ ሕፃን ለቅሶ፣ የእንግዶች ግርግር፣ የማታውቀው ሽታ በአንድ ቀን ሲመጣባት መብላት ልታቆም ትችላለች። መብላት ያቆመች ጥንቸል ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ለከባድ የሆድ ሕመም የምትጋለጥ እንስሳ ናት። በመሆኑም ጥንቃቄው ለሕፃኑ ብቻ ሳይሆን ለእርሷም ጭምር ነው።

ጨቅላውን የሚያሰጋው ምንድን ነው?

አዲስ የተወለደ ሕፃን የበሽታ መከላከል አቅሙ ገና ያልጠነከረ፣ እትብቱ ያልደረቀ፣ ቆዳው ስስ የሆነ ፍጡር ነው። ለአዋቂ ሰው የሁለት ቀን ተቅማጥ ብቻ የሚሆን ተህዋስ ለእርሱ የሕይወት አደጋ ነው። ጤነኛ የምትመስል ጥንቸል በአፍንጫዋና በአፏ ፓስቱሬላ የተባለ ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች፤ ይህም በንክሻ፣ በጭረትና በመላስ ወደ ሰው ይተላለፋል። ጭርት የሚያስከትለው ፈንገስ በፀጉሯ፣ እከክ የሚያመጡ ጥቃቅን ተባዮች በቆዳዋ፣ ሳልሞኔላ ደግሞ በፋንድያዋ ሊገኙ ይችላሉ።

ሁለተኛው ስጋት አየሩ ነው። የጥንቸልም ሆነ የዶሮ ሽንትና ኩስ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲጠራቀም አሞኒያ የተባለ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። የጉለሌን ብርድ ለመከላከል በርና መስኮቱ ተዘግቶ በሚያድር ቤት ውስጥ ይህን አየር ሌሊቱን ሙሉ የሚስበው ሕፃኑ ነው። የድርቆሽ ብናኝና የእንስሳ ፀጉርም ጉሮሮና ሳንባ ያስቆጣሉ። ከእንስሳቱ የሚመጣ ቁንጫም አለ።

ሦስተኛው እትብት ነው። በአንዳንድ አካባቢዎች እትብት ላይ ቅቤ፣ አልፎ አልፎም እበት የመቀባት ልማድ እንደነበረ ይታወቃል። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ተህዋስ ዘር በአፈርና በእንስሳት እዳሪ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይኖራል። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከማይሆንበት ደረጃ መድረሷ በ2009 ዓ.ም. ተረጋግጦላታል። ይህ የተገኘው በነፍሰ ጡሮች ክትባትና በንጹሕ የወሊድ አገልግሎት ነው። ተህዋሱ ከአፈሩ አልጠፋም፤ የጠፋው በር ስለተዘጋበት ነው። እትብቱ ደርቆ እስኪወድቅ ድረስ የጤና ባለሙያ ካዘዘው በስተቀር ምንም ነገር ሊነካው አይገባም።

ከመውለድ በፊት የሚሠራ ሥራ

ሥራው የሚጀምረው ምጥ ሲመጣ ሳይሆን ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው። የመጀመሪያው ነገር የጥንቸሏን ማደሪያ መቀየር ነው። ሕፃኑ ከሚተኛበት ክፍል ውጪ፣ ከዝናብና ከነፋስ የተጠለለ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወንፊት ሽቦ የተመታበት የእንጨት ቤት ይሠራላታል። ስትተኛ ልትዘረጋ፣ በኋላ እግሮቿም ልትቆም የምትችልበት ስፋት ያስፈልገዋል። ወለሉ ሙሉ በሙሉ ሽቦ ከሆነ እግሯን ስለሚያቆስለው የምታርፍበት ጣውላ ይደረግለታል። እንጦጦ ሥር ላሉ ሰፈሮች ጅብና ሸለምጥማጥ እንግዳ አይደሉምና መዝጊያው ጠንካራ መሆን አለበት።

ማደሪያው ሕፃኑ ከመምጣቱ በፊት መቀየሩ ሌላም ጥቅም አለው። ጥንቸሏ አዲሱን ቦታ ለምዳ ትጠብቃለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቦታዋም፣ የምትመገብበት ሰዓትም፣ የሚንከባከባት ሰውም፣ የቤቱ ድምፅም ከሚቀየርባት ለውጡ በየተራ ቢመጣ ይቀላታል። እስካሁን የምትመግባት እናቲቱ ከሆነች ሥራውን ከወዲሁ ለባል ወይም ለታላቅ ልጅ ማስረከብ ይገባል። አራስ ሆና ፋንድያ ልትጠርግ አይገባምና።

ሁለተኛው የጤና ምርመራ ነው። በአቅራቢያ ባለ የእንስሳት ክሊኒክ ቆዳዋና ጆሮዋ ይታያል፣ ጥፍሯ ይከረከማል። ፀጉሯ በየቦታው የረገፈ፣ ጆሮዋ ውስጥ ቅርፊት የያዘ፣ አፍንጫዋ የሚፈስ ወይም የሚያስነጥሳት ከሆነ እስክትድን ከቤተሰቡ መለየት አለባት።

ሦስተኛው ወንድና ሴት ጥንቸሎች ካሉ መለየት ነው። ጥንቸል የምታረግዘው ለ31 ቀናት ያህል ብቻ ነው። በወለደች ቀን እንደገና ልታረግዝ ትችላለች፤ በአንድ ጊዜም ብዙ ትወልዳለች። ሳይታሰብ ሁለቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ሃያ ሲሆኑ አራስ ያለችበት ቤት የጥንቸል መንደር ይሆናል። የወለደች ጥንቸልም ልጆቿን ለመጠበቅ ስትል ልትነክስ ትችላለች።

አራስ ቤትና የ40 ቀኑ ጥበብ

በባህላችን አራስ ቤት እንደ ልብ አይገባም። ከውጪ የመጣ እንግዳ አረፍ ብሎ፣ ብርዱ ወጥቶለት ነው ወደ እናቲቱ የሚቀርበው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ሕፃኑ ከቤት ብዙም አይወጣም። እናቶቻችን ለሰው ያወጡትን ይህን ደንብ ለእንስሳትም ማዋል ይቻላል። በእነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት ጥንቸሏም፣ ድመቷም፣ ዶሮዋም ወደ አራስ ክፍል አይገቡም። የሕፃኑ አልጋ በቀንም በአጎበር መሸፈኑ ከዝንብና ከትንኝም ይከላከላል።

በዚህ ወቅት ተህዋስ ወደ ሕፃኑ የሚደርሰው በጥንቸሏ እግር ሳይሆን በሰው እጅ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ጥንቸሏን አቅፎ፣ ቤቷን ጠርጎ፣ በዚያው እጁ የወንድሙን ጉንጭ ለመዳበስ ይሮጣል። በዚህ ልጅ ላይ መጮህ ሳይሆን ሥርዓት ማስያዝ ነው የሚጠቅመው። ከጥንቸሏ ቤት አጠገብ ውኃና ሳሙና ይቀመጥ፤ እጅ ሳይታጠቡ ወደ ሕፃኑ አይቀረብ፤ ጥንቸሏ ሲጸዳላት የሚለበስ አሮጌ ልብስ ይኑር፤ እርሱም በደጅ ይሰቀል። እናትም ጡት ከማጥባቷ በፊት እጇን ትታጠባለች።

ታላቅ ልጅን በተመለከተ ሌላም ሊታሰብ የሚገባ ነገር አለ። ወላጆች ሕፃኑ ሊመጣ ሲል ጥንቸሏን በችኮላ ለሰው ይሰጧታል። ልጁ ግን የሚያየው ሌላ ነው፤ አዲሱ ሕፃን መጣና ጥንቸሌ ተወሰደች ይላል። በእናቱ እቅፍ ላይ ቦታውን የለቀቀ ልጅ ጓደኛውንም ሲያጣ ቂሙ በሕፃኑ ላይ ይሆናል። መስጠት የግድ ከሆነ ከወሊዱ ወራት ቀደም ብሎ፣ ለልጁ ተነግሮት፣ የምትሄድበትን ቤት አይቶ ቢሆን ይመረጣል። ካልሆነ ግን ጥንቸሏን በደጅ በአግባቡ አኑሮ ኃላፊነቱን ለእርሱ መስጠት ልጁ በቤቱ ውስጥ ቦታ እንዳለው ያሳየዋል።

ሲተዋወቁ

ሕፃኑ ጠንከር ሲል፣ እትብቱ ደርቆ፣ ክትባቱን ጀምሮ፣ ጥንቸሏም ጤነኛ መሆኗ ሲታወቅ ቀስ በቀስ ማስተዋወቅ ይቻላል። አስቀድሞ ሕፃኑ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ወስዶ ጥንቸሏ ቤት አጠገብ ማኖር ሽታውን ያስለምዳታል። ያ ጨርቅ ሳይታጠብ ወደ ሕፃኑ አይመለስም። ቀጥሎ አንድ አዋቂ ሕፃኑን ታቅፎ ይቀመጣል፤ ጥንቸሏ በወለል ላይ ራሷ ትቀርባለች። በግድ ተይዛ ወደ ሕፃኑ አትቀረብም፤ መሸሽ ከፈለገች መሸሻ ይተውላታል። ጊዜው ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ጥንቸሏ ከሕፃኑ ፊትና እጅ ትርቃለች። አዋቂ በሌለበት ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ለአንድ አፍታም አይተዉም። ለፎቶግራፍ ብሎ ጥንቸል ከጨቅላ ጎን ማስተኛት ፈጽሞ የማይደረግ ነው።

ብዙዎች ሕፃኑ ከፍ ሲል አደጋው ያለፈ ይመስላቸዋል። እንዲያውም የባሰው የሚመጣው መዳህ ሲጀምር ነው። የሚድህ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ የጥንቸል ፋንድያ ደግሞ ክብና ደረቅ ሆኖ ጥራጥሬ ይመስላል። ሕፃኑ የሚድህበት ወለል እንስሳት የማይረግጡት መሆን አለበት። የሁለት ዓመት ልጅ ጥንቸልን በጆሮዋ አንጠልጥሎ ሊያነሳ ይሞክራል። የጥንቸል አከርካሪ ስስ ነው፤ ስትፈራገጥ ወይም ስትወድቅ ይሰበራል። ጆሮዋም የሚነሳበት እጀታ አይደለም። አዋቂ ሰው አንድ እጁን ከደረቷ ሥር፣ ሌላውን ከኋላዋ አድርጎ ነው የሚያነሳት። ልጁ ተቀምጦ በጀርባዋ ላይ እጁን እንዲያሳልፍ ማስተማር ይበቃል።

ንክሻ ወይም ጭረት ከደረሰ ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና በደንብ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የጥንቸል ንክሻ ለእብድ ውሻ በሽታ የሚያጋልጥበት ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። በውሻ ወይም በድመት ከሆነ ግን ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃና በሳሙና አጥቦ፣ ሳይዘገዩ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግዴታ ነው።

ዶሮዋስ?

የጥንቸሏ ነገር በጥቂት ቤቶች ያለ ነው፤ የዶሮዋ ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ይመለከታል። በዚህ ላይ በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ግልጽ መልእክት አላቸው።

የዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች የሆኑት ዴሪክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን በኢትዮጵያ ገጠር ላይ ያደረጉትን ጥናት በ2008 ዓ.ም. አሳትመዋል። ውጤቱ ሁለት ነገር ያሳያል። ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመት የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ዶሮዎቹ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በሚያድሩበት ጊዜ ግን የልጆቹ ቁመት ዝቅ ብሎ ታይቷል። ዶሮ ማርባቱ ጥሩ ነው፤ አብሮ ማደሩ ነው ጠንቁ።

በሐረማያ ወረዳ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያካሄደውና በ2013 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 16 ወር የሆኑ 100 ያህል ሕፃናትን ተመልክቷል። ከእነዚህ መካከል ግማሽ ያህሉ በሰገራቸው ካምፒሎባክተር የተባለ ባክቴሪያ ተገኝቶባቸዋል፤ 41 በመቶዎቹ የመቀንጨር ችግር ነበረባቸው። ይህ ባክቴሪያ በዶሮና በሌሎች የቤት እንስሳት አንጀት ውስጥ እንስሳቱን ሳያሳምም ይኖራል። ሕፃኑ ኩስ በነካው አፈር ላይ ሲጫወት ወደ አፉ ይገባል። ተቅማጥ ባያስከትል እንኳ እንዲህ ያሉ ተህዋሲያን ደጋግመው ሲገቡ አንጀቱን እያቆሰሉ የበላው ምግብ በሰውነቱ እንዳይሠራ ያደርጋሉ ተብሎ ይታመናል።

ይህ ለአማራ ክልል ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት በአገር አቀፍ ደረጃ 38 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 15 በመቶ፣ በአማራ ክልል ግን 46 በመቶ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን እ.አ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የተገባው ቃል ኪዳን የሰቆጣን ስም የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንቁላሉ ራሱ አስፈላጊ ነው። በኢኳዶር በተደረገ ሙከራ ከ6 እስከ 9 ወር ያሉ ሕፃናት ለስድስት ወራት በቀን አንድ እንቁላል ሲያገኙ መቀንጨር በ47 በመቶ ቀንሷል። በማላዊ በተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። እንቁላል ብቻውን ሁሉን አይፈታም፤ የሕፃኑ ሙሉ ምግብ፣ የሚጠጣው ውኃና የሚድህበት መሬትም አብረው መታየት አለባቸው። እስከ ስድስት ወር ድረስ የሕፃኑ ምግብ የእናት ጡት ብቻ መሆኑ ደግሞ የሚዘነጋ አይደለም።

አርሶ አደሩ ዶሮዎቹን ቤት የሚያስገባው ወዶ አይደለም። ብርድ፣ ሌባና ሸለምጥማጥ ያስገድዱታል። መፍትሔው ከቤቱ ተለይቶ የተሠራ፣ የሚቆለፍ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የዶሮ ቤት ነው። የባሕር ዛፍ አጣና፣ ቀርከሃ፣ ጭቃና ጥቂት ወንፊት ሽቦ ይበቃዋል። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ዶሮ ቢያዝ አይጨናነቁም። ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ፣ በሩ ግን ወደ ውጪ ሆኖ ቢሠራ የሌባውን ስጋት ይቀንሳል፤ ኩሱም በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ለጓሮ ማዳበሪያ ይውላል። ግቢ ለጠበባቸው የከተማ ነዋሪዎች ጎረቤታሞች ተባብረው አንድ የጋራ ዶሮ ቤት መሥራት ይችላሉ።

ከወረዳው የሚጠበቀው

በአንድ ቤት በር ላይ ሁለት ባለሙያዎች በተለያየ ቀን ያንኳኳሉ። የግብርና ባለሙያው ዶሮዎቹን ቆጥሮ፣ የፈንግል ክትባት መሰጠቱን ጠይቆ ይሄዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የእናቲቱን ክትትልና የሕፃኑን ክትባት አይታ ትሄዳለች። ዶሮዎቹና ሕፃኑ በአንድ ክፍል ማደራቸው ግን ሳይጠየቅ ሊያልፍ ይችላል። በሪፖርቱ ላይ የተሰራጨው ቄብ ዶሮ ብዛት ይገባል፣ የተመዘነው ሕፃን ብዛትም ይገባል፤ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው ሳይታይ ያልፋል።

ይህን ለማስተካከል አዲስ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። አንደኛ፣ ቄብ ዶሮ ከመሰራጨቱ በፊት ተለይቶ የተሠራ ዶሮ ቤት መኖሩ በአካል ይታይ፤ ለሌለው ሥራው ይቅደም። ሁለተኛ፣ የሁለቱም ባለሙያዎች ቅጽ ላይ “እንስሳቱ ማታ የት ያድራሉ?” የሚል አንድ ጥያቄ ይጨመር። ሦስተኛ፣ በእርግዝና ክትትል ወቅት ስለ አመጋገብና ስለ ወሊድ ዝግጅት ምክር ሲሰጥ ስለ እንስሳት ማደሪያም ይነገር፤ ባልም ይስማ፤ ሚስማሩን የሚመታው እርሱ ነውና። አራተኛ፣ ነፍሰ ጡር ሴት የሚወልዱ ወይም የሚጨነግፉ ፍየልና በጎችን እንዳታዋልድ፣ የእንግዴ ልጅም በእጇ እንዳትነካ ማስተማር ይገባል፤ ከዚህ የሚተላለፉ በሽታዎች ጽንስ ሊያስወርዱ ይችላሉ።

የወተቷ ላም፣ የእንቁላሏ ዶሮ፣ የልጆች ጓደኛ የሆነችው ጥንቸል ከቤታችን መውጣት የለባቸውም፤ ከመኝታችን ግን መውጣት አለባቸው። ሕፃኑ ሲያድግ እንቁላሉን ይበላል፣ ጥንቸሏንም ይመግባል። እስከዚያ ድረስ ከምጡ ቀን በፊት አንድ ቅዳሜ መጋዝና ሚስማር ይዞ ማደሪያ መሥራት ሳይቃጠል በቅጠል ይሉት ጥንቃቄ ነውና፣ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤተሰብ ሁሉ ሥራውን ከዛሬ ቢጀምር መልካም ነው።